«ካገባሁ ሥራዬን እለቃለሁ» ብለው የፈረሙት አምባሳደር

(ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ ሥራ በመፈለግ ላይ ላሉ ወጣት ሴት ተመራቂዎች በተዘጋጀ የውይይት ፕሮግራም ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ጥቂት ቃላት ከማቃናቴ በቀር እንደተነገረ ነው።)

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንበር ጠፍቶ ከኋላ የቆማችሁም ወንድሞቼ!

አዘጋጆቹ «ስለ አንዲት ስኬታማ ሴት ተናገሪ» ብለው ሲጠሩኝ ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። የፈራሁበትን ልንገራችሁ። እንዲህ ያለ ንግግር ስንሰማ ኖረናል። ተወለደች፣ ተማረች፣ ተሾመች፣ ተጨበጨበላት... እኛም አጨብጭበን ወደየቤታችን እንገባለን። በማግስቱ ማስረጃችንን በክላሰር ይዘን ሥራ ፍለጋ ስንወጣ ግን በሩ እንደ ትናንቱ ተዘግቶ ነው የሚጠብቀን። ስለዚህ ዛሬ የማወራላችሁ በሩ ሲዘጋባቸው «ማን ነው የዘጋው? በየትኛው ሕግ?» ብለው መንግሥታቸውን ፍርድ ቤት ስላቆሙ አንዲት ሕንዳዊት ዲፕሎማት ነው።

ሕንድ ስል የሲኒማው ዘፈን ትዝ ያላችሁ አትጠፉም። ከታላላቆቻችን መሐል ደግሞ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሯቸው የሕንድ አስተማሪዎች ትዝ የሚሏቸው ይኖራሉ። ዛሬ ሁለቱንም ለጊዜው ተዉልኝ።

አስቀድሜ ግን የራሴን ልናገር። ዲፕሎማዬን ይዤ ከኮሌጅ በወጣሁ በዓመቱ አንድ መሥሪያ ቤት ለፈተና ጠራኝ። ስሙን አልጠራም። የጽሑፉን ፈተና አለፍኩና ለቃል ፈተና ገባሁ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሐል ያሉት ጎልማሳ ማስረጃዬን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «የኔ ልጅ፣ እጮኛ አለሽ እንዴ?» አሉኝ። ስለ ሥራው ገና አንድም ነገር አልጠየቁኝም! «የለኝም» አልኩ። «በቅርብ ጊዜ የማግባት፣ የመውለድ ሐሳብስ?» አሉ ሌላው። «ኧረ በጭራሽ!» አልኩ። ውሸቴን ነበር። ለሠርጌ ሦስት ወር ነበር የቀረው።

ሥራውን አገኘሁት። ከሠርጌ በኋላ ቀለበቴን መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ስደርስ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ እየከተትኩ፣ ማታ ስወጣ እያጠለቅሁ ስምንት ወር ሠራሁ። ሆዴ መግፋቱን መደበቅ ሲያቅተኝ የኮንትራቴ ዘመን አለቀና ሳይታደስልኝ ቀረ። ምክንያቱን በወረቀት የጻፈልኝ የለም። እኔም «ለምን?» ብዬ አልጻፍኩም። ዋሽቼ ስለገባሁ አፍሬ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ የሰው ተቀጣሪ ሳልሆን በግሌ ለጋዜጦች እየጻፍኩ እኖራለሁ።

ከዓመታት በኋላ ስለ ቾኒራ ቤሊያፓ ሙታማ ሳነብ «እንዴ! ይህችን ነገር እኮ አውቃታለሁ!» ያልኩት ለዚህ ነው። እኔ በአፌ የመለስኩትን እሳቸው በፊርማቸው ነው የመለሱት።

የቡና አገር ልጅ

(ዓመተ ምሕረቱን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። ወደ አገራችን ሕግ ስደርስ ብቻ በእኛ አቆጣጠር እናገራለሁ።)

ሙታማ የተወለዱት በ1924 በደቡብ ሕንድ፣ ያኔ ኩርግ ዛሬ ኮዳጉ በሚባለው ደጋማ አገር፣ ቪራጅፔት በምትባል ከተማ ነው። ኮዳጉ የቡና አገር ነው። መነሻው ከእኛ ጫካ የሆነው፣ በየመን በኩል ተሻግሮ ሕንድ የደረሰው ቡና እዚያ ተራራ ላይ በየጥላው ሥር ይበቅላል። ስለዚህ ሴትዮዋን በዚህ በኩል እንኳ ጎረቤት ብንላቸው አይከፋም።

አባታቸው የደን ሹም ነበሩ። ልጅቱ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው አባት ሞቱ። እናትየው አራት ልጆች ይዘው ቀሩ። ባል የሞተባት ሴት በዚያ ዘመን ሴት ልጆቿን ቶሎ ቶሎ ድራ ሸክሟን ብታቃልል ማንም አይፈርድባትም ነበር። እኚህ እናት ግን ልጆቻቸውን ለማስተማር ቆረጡ። ሙታማ በማዲኬሪ ከተማ ትምህርታቸውን ጨርሰው ማድራስ ወረዱ። በሴቶች ክርስቲያን ኮሌጅ በወርቅ ሜዳሊያ ተመረቁ፤ ቀጥሎም በፕሬዚደንሲ ኮሌጅ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የማስተርስ ዲግሪያቸውን ያዙ።

ሕንድ ነፃ የወጣችው በ1947 ነው። አዲሲቱ አገር ለኤምባሲዎቿ ሰው ትፈልግ ነበር። ሰው የሚመለመለውም በውድድር ፈተና ነው። የጽሑፍ ፈተና አለ፤ ከዚያ ቀጥሎ በቦርድ ፊት የቃል ፈተና አለ። ሙታማ በ1948 ይህን ፈተና ያለፉ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ በ1949 ደግሞ ወደ ውጭ ጉዳይ አገልግሎት ገቡ።

እንዲህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። የቃል ፈተናው ቦርድ «የውጭ ጉዳይ ሥራ ለሴት አይሆንም፤ ሌላ ምረጪ» እያለ ሊመልሳቸው ሞከረ። እሳቸው «የመጣሁት ለዚሁ ነው» ብለው ጸኑ። በቃል ፈተናው ዝቅተኛ ነጥብ እንደተሰጣቸውና በጽሑፉ ፈተና ባገኙት ውጤት ግን ያንን ተሻግረው እንዳለፉ ነው የሚነገርላቸው። እንግዲህ ልብ በሉ! በጽሑፍ ፈተና ላይ እጅ ነው የሚጽፈው፤ የሴት ይሁን የወንድ አይታይም። በቃል ፈተና ላይ ግን ቀሚስ ይታያል።

ወረቀቷ

ፈተናውን አለፉ። ከመግባታቸው በፊት ግን አንዲት ወረቀት ቀረበችላቸው። ካገቡ ሥራቸውን እንደሚለቁ ግዴታ የሚያስገባ ወረቀት ነበረች። ፈረሙ።

ምን ያድርጉ? ሃያ አምስት ዓመታቸው ነው። እናት አገር ቤት ሆነው ይጠብቃሉ። ከፊታቸው ሆና የፈረመች ሴት የለችም፤ ልማዱን የሚጠይቁትም ሰው የለም። ባይፈርሙ ኖሮ የቦርዱ ሰዎች «ብለን ነበር እኮ!» ባሉ ነበር።

ወንዶቹ ባልደረቦቻቸው «ካገባሁ እለቃለሁ» ብለው አልፈረሙም። እንዲያውም ወንድ ዲፕሎማት ሲያገባ ይመረቅለታል። ለምን ቢባል ግብዣ የምታሰናዳለት፣ የእንግዳ ሚስት የምትቀበልለት፣ ደሞዝ የማይከፈላት ሁለተኛ ሠራተኛ ለኤምባሲው ተገኘች ማለት ነዋ! ትዳር ለወንዱ ድጋፍ፣ ለሴቲቱ መሰናበቻ ሆነ።

ይህ የሕንድ ብቻ ነውር ነበር እንዳይመስላችሁ። ሕንድን ትገዛ የነበረችው ብሪታንያም፣ ስለ መብት ስትሰብክ የኖረችው አሜሪካም ሴት ዲፕሎማቶቻቸው ሲያገቡ ሥራ ያስለቅቁ ነበር። ያ አሠራር በሁለቱም አገሮች የቆመው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ደቀ መዝሙሩ የመምህሩን ደብተር ገልብጦ ነበር ማለት ነው።

«ታዲያ የኔህሩ እህትስ?»

እዚህ ላይ ነገር አዋቂ የሆነ ሰው እጁን ያነሣል። «ቆይ እስቲ፣ የኔህሩ እህት ቪጃያ ላክሽሚ ፓንዲት አምባሳደር አልነበሩም ወይ?» ይላል። ነበሩ እንጂ! በ1947 ሞስኮ፣ በ1949 ዋሽንግተን አምባሳደር ሆነው ሄዱ። በ1953 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ኋላም ለንደን ላይ ለዓመታት አገራቸውን ወክለዋል።

እኚህን ሴት ማሳነስ አይገባም። በነፃነቱ ትግል ጊዜ እንግሊዞች ሦስት ጊዜ አስረዋቸዋል። በ1944 ባላቸው ሲሞቱ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው፣ ሦስቱም ልጆቻቸው ሴቶች ስለነበሩ፣ በዘመኑ የውርስ ሕግ የባላቸውን ንብረት ተከልክለዋል። ሕግ ሴትን እንዴት አድርጎ እንደሚረግጥ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር።

ነገር ግን የዓመቱን ቁጥር አስተያዩልኝ። በ1949 ወይዘሮ ፓንዲት የሕንድ አምባሳደር ሆነው ዋሽንግተን ገቡ፤ ዓለምም «ሕንድ ለሴቶቿ ምን ያህል ክብር ሰጠች!» እያለ አደነቀ። በዚያው በ1949 ኒው ዴልሂ ውስጥ አንዲት የሃያ አምስት ዓመት ሴት «ካገባሁ እለቃለሁ» በሚል ወረቀት ላይ ትፈርም ነበር።

ለወይዘሮ ፓንዲት ያቺ ወረቀት አልቀረበችም። እሳቸው በፖለቲካ ሹመት ነው የሄዱት፤ በላይኛው በር ነው የገቡት። ሙታማ የገቡት እኔና እናንተ በምንገባበት በር፣ በፈተናውና በወረፋው በር ነው። አገር ምን ያህል እኩልነት እንዳለባት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ማየት ያለበት የታችኛውን በር ነው። ሰገነት ላይ አንዲት ሴት ቆማ ስትታይ ብዙዎቻችን ቀና ብለን እሷን እናያለን፤ ከታች የተንጠለጠለውን ቁልፍ አናይም።

እኛስ ብንሆን? ራስ እምሩ በኒው ዴልሂ የኢትዮጵያ አምባሳደር ነበሩ። ልጃቸው ዮዲት እምሩ ደግሞ በአገራችን ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት አምባሳደር ተብለው ይጠራሉ። ስማቸውን በኩራት እናነሣለን፤ ማንሣትም ይገባናል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ለአንድ ተራ የጸሐፊነት ሥራ የተፈተነች ሴት ልጅ ምን ተብላ እንደተጠየቀች፣ ምን ላይ እንደፈረመች ከመሐላችን ጠይቆ የሚያውቅ አለ?

ከፓሪስ እስከ ቡዳፔስት

ወይዘሪት ሙታማ ሥራቸውን ጀመሩ። መጀመሪያ ፓሪስ፣ ከዚያ ራንጉን፣ ከዚያ ለንደን ተመደቡ። በዴልሂም በፓኪስታንና በአሜሪካ ጉዳይ ክፍሎች ሠሩ። በ1970 በሃንጋሪ የሕንድ አምባሳደር ሆነው ተሾሙ። ከታች ጀምረው በመደበኛው የአገልግሎት መሰላል ወጥተው ለአምባሳደርነት የበቁ የመጀመሪያዋ ሕንዳዊት እሳቸው ናቸው። ሃያ አንድ ዓመት ፈጀባቸው። ከሃንጋሪ በኋላ ወደ እኛው አፍሪካ መጥተው በጋና አምባሳደር ሆነዋል።

«ታዲያ ምን ጎደለባቸው?» የሚል ይኖራል። የጎደለው በደንቡ ውስጥ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

የሕንድ ሕገ መንግሥት በ1950 በሥራ ላይ ሲውል ዜጎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው አለ። ይህ አንቀጽ 14 ነው። በአንቀጽ 16 ደግሞ በመንግሥት ሥራ ሁሉም እኩል ዕድል አለው፤ በጾታ ምክንያት ልዩነት አይደረግም አለ። እሰየው! ከዚህ በኋላ ያቺ ወረቀት የምትቀደድ መስሎ ነበር። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ ለውጭ ጉዳይ አገልግሎት ሁለት ደንቦች ወጡ።

አንደኛው ደንብ ሴት ዲፕሎማት ከማግባቷ በፊት የመንግሥትን ፈቃድ በጽሑፍ ማግኘት አለባት ይላል። ካገባች በኋላም ቤተሰቧና የቤት ውስጥ ኃላፊነቷ ሥራዋን በአግባቡ እንዳትሠራ ያደርጋታል ብሎ መንግሥት ካመነ በማንኛውም ጊዜ ልቀቂ ሊላት ይችላል። ሁለተኛው ደንብ ደግሞ ያገባች ሴት ወደዚህ አገልግሎት የመመደብ መብት የላትም ይላል።

እስቲ ይህን እንፍታው። ሥራዋን ስትበድል ከተገኘች ትሰናበት አላለም፤ እንዲህማ ቢሆን ለወንዱም ይሠራ ነበር። «ሊያሰናክላት ይችላል» ተብሎ ከተገመተ ነው የሚለው። ገማቹ ማን ነው? አለቃዋ። ልጇ ታሞ አንድ ቀን ብትቀር ይገመታል። ሳትቀርም ይገመታል። በሕገ መንግሥት የተሰጠው ነገር በመተዳደሪያ ደንብ እንዲህ ተደርጎ ይወሰዳል። ሕገ መንግሥቱ በወርቅ ቀለም ተጽፎ መስታወት ውስጥ ይሰቀላል፤ ደንቡ በካርቦን ወረቀት ተባዝቶ በመዝገብ ቤት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ሰውን የሚቀጥረውና የሚያባርረው ግን መሳቢያው ውስጥ ያለው ነው።

በዚህ ምክንያት አግብተው ሥራቸውን የለቀቁ ጎበዝ ሴቶች ነበሩ።

አምባሳደሯ ከሳሽ ሆኑ

በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ሙታማ ወደ አገልግሎቱ ከፍተኛ እርከን፣ ወደ አንደኛ ደረጃ ለማደግ ተራቸው ደረሰ። መራጮቹ «ብቃት የላትም» ብለው ዘለሏቸው። በአገልግሎት ከእሳቸው በኋላ የመጡ ወንዶች አልፈው ሄዱ። ሠላሳ ዓመት ያህል ያገለገለች፣ በሁለት አገር አምባሳደር ሆና የሠራች ሴት በምን ሚዛን ተመዝና ነው የቀለለችው?

ሌላ ሰው ቢሆን «ጡረታዬ ደርሷል፤ ምን አነካካኝ» ይል ነበር። እሳቸው ከሥራቸው ሳይለቁ የሕንድን መንግሥት ከሰሱ። አቤቱታቸውን ያቀረቡትም በቀጥታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። የሕንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 መሠረታዊ መብቱ የተነካበት ዜጋ ከታች ፍርድ ቤት ሳይንከራተት በቀጥታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳልና።

የአቤቱታው ፍሬ ነገር ይህ ነበር። ስገባ ቦርዱ እንዳልገባ ሊያሳምነኝ ሞከረ። ካገባሁ እንድለቅ ግዴታ አስፈረሙኝ። አሁንም ዕድገት የተከለከልኩት በሴቶች ላይ በጅምላ ጥላቻ ባላቸው ሰዎች ፍርድ ነው።

በመዝገቡ ላይ ስማቸው «ወይዘሪት» ተብሎ ነው የተጻፈው። በሃምሳ አምስት ዓመታቸው! ምርጫቸው ይሁን የወረቀቷ ጉዳት፣ በዚህ ውስጥ ገብቼ የሰው ሕይወት አልተነትንም። መንግሥትም እንደዚያው ሊገባበት አይገባም ነበር፤ ክርክሩም ይኸው ነው።

አሁን ጨዋታው መጣ። ክሱ ገብቶ እየታየ ሳለ መንግሥት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ያን «ብቃት የላትም» የተባለውን ሰው አሳደገ! ከጥቂት ወራት በፊት ያልበቁት ሴት በጥቂት ወራት ውስጥ በቅተው ተገኙ። ሁለተኛውም ደንብ ተሰርዟል ተባለ። የጋብቻ ፈቃዱም ደንብ ሊሰረዝ ነው ተባለ። እንግዲህ «ምን ቀራት? ፋይሉ ይዘጋ» መሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን ብልሃት የመሥሪያ ቤት ኑሮ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነገሩ አደባባይ ሊወጣ ሲል በጓሮ ይስተካከልና «ድሮስ ምን ተበደልሽ?» ይባላል።

ዳኛው ቪ. አር. ክሪሽና አየር ይባላሉ። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1979 ፍርዳቸውን ሰጡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ይዘሉታል። ሙታማ በውጤቱ «ረቱ» ተብሎ አልተጻፈላቸውም። ዕድገቱ ስለተሰጠና ደንቦቹ እየተሰረዙ ስለሆነ ፍርድ ቤቱ አቤቱታውን ዘጋው። መንግሥት የጠየቀው መዘጋቱን ነበር፤ ተዘጋለት። ዳኛው ግን ከመዝጋታቸው በፊት ብዕራቸውን አነሡ።

ምን አሉ? ያገባ ወንድ መብት ካለው ያገባች ሴት ከእሱ የምታንስበት ምክንያት የለም አሉ። የቤተሰብ ኃላፊነት ሥራን ያሰናክላል ከተባለ ወንዱንም እኮ ሊያሰናክለው ይችላል አሉ። ሰው ትዳር የሚይዘው፣ ልጅ የሚያሳድገው ሴቷ ብቻዋን አይደለችምና። ለነፃነት የተደረገው ትግል ሴትን ከባርነት የማውጣትም ትግል እንደነበረ ተረስቷል፤ በመጽሐፍ ላይ ባለው ሕገ መንግሥትና በሥራ ላይ ባለው ሕግ መካከል ያለው ርቀት ያሳዝናል ብለው ጻፉ። በመጨረሻም መንግሥት ይህን እድፍ ከአገልግሎት ደንቦቹ ሁሉ ላይ እንዲያጥብ፣ አንዲት ሴት ከስሳ እስክትመጣ እንዳይጠብቅ አሳሰቡ። ሙታማን በዘለሏቸው በእነዚያ ጥቂት ወራት ወንዶች ቀድመዋቸው ስለነበረ፣ የቀደምትነት ተራቸው እንደገና እንዲታይላቸው አዘዙ።

ስለዚህ መዝገቡ ተዘጋ፤ ፍርዱ ግን አልተዘጋም። ዛሬ ሕንድ ውስጥ ስለ ሴት ሠራተኛ መብት የሚማር የሕግ ተማሪ «ሙታማ እና የሕንድ ኅብረት» የሚለውን መዝገብ ሳያነብ አያልፍም።

ያልተፈጸመው ነገር

ተረት አላወራላችሁም። «ከዚያም ሁሉም ነገር ተስተካከለ» ብዬ ብጨርስ ዋሸሁ ማለት ነው። እኚያው ዳኛ በዚያው ፍርድ ውስጥ ወንድና ሴት በሥራ ሁሉ አንድ ናቸው አላልኩም፤ የሥራው ጠባይ የሚያስገድድበት ቦታ ሊኖር ይችላል የሚል ቀዳዳ ትተዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ የኤር ኢንዲያ ሴት አስተናጋጆች ጉዳይ እዚያው ፍርድ ቤት ቀረበ። አስተናጋጇ መጀመሪያ ስታረግዝ ከሥራ ትውጣ የሚለው ደንብ ተሻረ። በገባች በአራት ዓመት ውስጥ እንዳታገባ የሚለው ግን ጸና! መብት እንዲህ በአንድ እጅ እየተሰጠ በሌላው ይቆነጠራል።

ሙታማ የመጨረሻ ሹመታቸው ሄግ፣ በኔዘርላንድስ አምባሳደርነት ነበር። በ1982 ጡረታ ወጡ። የስዊድኑ ኦሎፍ ፓልመ በመሩት የትጥቅ ቅነሳና የጸጥታ ጉዳዮች ኮሚሽን ውስጥም አባል ነበሩ። የአገራቸውን የአስተዳደር ብልሽት የሚነቅፍ መጽሐፍ ጻፉ። የትውልድ አገራቸውን የኮዳጉን ምግብ አሠራር የሚያስተምር መጽሐፍም ጽፈዋል። ማጀት ሥራዋን ያሰናክልባታል የተባለችው ሴት ሁለቱንም ጻፉት!

በ2001 ቾኪላ አየር የሕንድ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዋና ጸሐፊ ሆኑ፤ ይህ ወንበር ከሚኒስትሩ ሥር የመጨረሻው የዲፕሎማት እርከን ነው። በኦገስት 2009 ሁለተኛዋ ሴት ኒሩፓማ ራኦ ያንኑ ወንበር ያዙ። ባለትዳርና የሁለት ወንዶች ልጆች እናት ናቸው። ሙታማ ይህን ለማየት በቅተዋል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 14 ቀን ባንጋሎር ውስጥ በሰማንያ አምስት ዓመታቸው አረፉ።

ለእኛ ምን ቀረልን?

ንግግሬን ላሳጥር። ቅድም ሻይ እየጠጣን ሳለ አንዲት እህት «ለምን ሠላሳ ዓመት ዝም አሉ? ያኔውኑ ለምን እምቢ አላሉም?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ከባድ ነው። እኔም ራሴን «አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?» ብዬ ጠይቄዋለሁ።

የደረስኩበትን ልንገራችሁ። እንዲህ ያለች ወረቀት የተሠራችው ለማባረር ብቻ አይደለም፤ ዝም ለማሰኘትም ነው። የፈረመ ሰው «እኔው ነኝ እኮ የተስማማሁት» እያለ ራሱን ይከስሳል። የዋሸ ሰው ደግሞ ያፍራል። ሙታማ ያሸነፉት መጀመሪያ ይህንን ነው። በ1949 የፈረሙትን ፊርማ በ1979 ራሳቸው አውጥተው ፍርድ ቤት ፊት አስቀመጡት። «ይኸው ፈርሜያለሁ፤ ያስፈረመኝ ነው የሚያፍረው» አሉ ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ እሳቸው አምባሳደር ነበሩ። ሰው የሚሰማው ስም ነበራቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚያደርስ አቅም ነበራቸው። እኛ የስድስት ወር ኮንትራት ይዘን የምንሠራ ሰዎች እንደሳቸው እናድርግ ብል መቀለድ ይሆንብኛል። ግን እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች እኩል መብት አላቸው ይላል። ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው ይል የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 635 በ1992 በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ተሽሯል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡርን ከሥራ ማሰናበት ይከለክላል። ነገር ግን እኔን ያሰናበተኝ ሰው አልነበረም፤ ኮንትራቴ «አልታደሰም» ነው የተባለው። መሳቢያው እኛም ቤት አለ።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ። አንደኛ፣ ስትቀጠሩ ሕጉን ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱን ደንብ ጠይቃችሁ አንብቡ። ሁለተኛ፣ የፈረማችሁትን ሁሉ ቅጂ ያዙ፤ ወረቀት ሠላሳ ዓመት ቆይቶም ይናገራል። ሦስተኛ፣ ነገ ከነገ ወዲያ አንድ ቦርድ ፊት ቀርባችሁ «እጮኛ አለሽ? የመውለድ ሐሳብ አለሽ?» ስትባሉ እንደ እኔ አትዋሹ። አትቆጡም። ረጋ ብላችሁ፣ በትሕትና «ጌታዬ፣ ይህን ጥያቄ ለወንዶቹ ተፈታኞችም አቅርባችኋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሙታማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደው ያስፈረዱት ይህቺኑ አንዲት ጥያቄ ነው።

«እንዲህ ብዬ ሥራውን ባጣስ?» የምትል ትኖራለች። ልታጣው ትችላለች። እኔ ግን ዋሽቼም አጥቼዋለሁ።

ያን ጊዜ በሆዴ የነበረችው ልጅ ዛሬ ስምንተኛ ክፍል ናት። ትናንት ማታ ይህን ንግግር ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ «እማዬ፣ ያኔ ቀለበትሽን ለምን አወለቅሽው?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። እናንተ ለልጆቻችሁ የምትመልሱት እንዳታጡ ብዬ ነው የመጣሁት።